ግድግዳ ያለበት ቤት

ከበቡሽዬ፣ እንዴት አደርሽ እቴ? ዝናቡም ጀመርኩ ብሎ ቀረ… ፈትልሽ ግን እንዴት አምሮበታል! እኔማ ዘንድሮ ጥጥም አልቀናኝ። አይ፣ አትነሺ፣ አትድከሚ። ሳልፍ ደጅሽ ክፍት ሆኖ ባይ ነው የገባሁት።

ወሬ? ምን ወሬ አለ ብለሽ… የሰው ደግነት ሳወራ ብውል ነው እንጂ። እኒያ ትልቅ ሰው የሉም? ስማቸውን ምን አደከመኝ፤ ሆሳዕና ላይ ትልቅ ሰው ስንት አለና! በደጀ ሰላም ቆመው፣ «ፈረንጆቹ ትምህርት ቤት ወንድና ሴት ልጅ ባንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ እሳትና ጭድ!» ብለው ያስለቀሱን። አቤት አነጋገር! ማደሪያው መካከሉ ላይ እስከ ጣሪያ የደረሰ የጭቃ ግድግዳ አለው፣ በሩም ለየብቻ ነው ቢባሉ፣ አልሰማም አሉ። ግድግዳ ምን ያደርጋል? እሳቸው እኮ ከግድግዳ ወዲያ የሚታያቸው ሰው ናቸው። ልብ ንጹሕ ካልሆነ እንዲህ ያለው ነገር ለማን ይታሰባል?

ስንቱ አባት ልጁን አስወጣ። የጊምቢቹው ባፈና ግን አመነታ፤ ልጁ ንባብ ጀምራለታለቻ። ያን ጊዜ እኒያ ደግ ሰው ምን አሉት መሰለሽ? «ክርስትና ያነሳኋት እኔ፣ አሰገደች ያልኳት እኔ። ከቤቴ አስቀምጬ ክብሯን እጠብቅልሃለሁ።» የክርስትና አባት እንዲህ ነው እንጂ! ለሰው ያለ ይጠፋል የሚሉት ሐሰት ነው። እሳቸው ለሰው ብለው ይኸው ዓመቱን ሙሉ ዱቄት አልጎደለባቸውም…

ምነው እንዝርትሽ ቆመ? ፍተይ እንጂ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራሽ።

ታዲያ ባለፈው ባፈና ገበያ ሲመጣ፣ ለልጁ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ማለዳ ብቅ አለላችሁ… ብቅ አለላቸው ማለቴ ነው። ወደ ማድ ቤት አመለከቱት። ቢገባ፣ አሰገደች ወፍጮው ሥር ኩርምት ብላ ተኝታለች፤ በወዲህ ጎረምሶቹ አሽከሮች፣ በወዲያ ጥጃው። ግድግዳ? ምን በወጣው! ለካ እሳትና ጭድ የሚጣሉት ፈረንጅ ቤት ብቻ ነው። አባቷ መዳፏን ገልብጦ ቢያይ፣ መጁ ልጦታል። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኛው ሰው ደፋር ናቸው፣ በሚያውቁት አገር ያስነጥፋሉ።

ባፈና አልጮኸም። ደጃፍ ላይ ትልቁን ሰው አገኛቸውና እጅ ነሥቶ፣ በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛው፣ «ጌታዬ፣ እዚያኛው ቤት ግድግዳ አለ» አላቸው። ይኸው ነው። ልጁን ይዞ ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ። እኔ ደጅ ውሃ ጠጥተው ነው የሄዱት፤ ልጅቱ ቅሉን በመዳፏ መያዝ አቅቷት በክንዷ አቅፋ ጠጣች።

ትልቁ ሰው ግን ምን ይበግራቸዋል! በእሑዱ ደግሞ ደጀ ሰላም ቆመው፣ «እሳትና ጭድ…» ብለው ሲጀምሩ፣ አለቃ ወልደ ሰንበት ዝግ ብለው፣ «የየትኛውን ቤት ነው ጌታዬ?» አሏቸው። ሕዝቡ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ፤ ለጸሎት ይሆናል… ከዚያ ወዲህ አባቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን እየመለሱ ነው። የኔም ልጅ ዘርትሁን ዛሬ ጧት ሄደች።

በይ ልሂድ፤ ሙሉነሽ ወሬ ታበዛለች እንዳትይኝ። ሁለቱ ሴቶች ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? ሲያምሩ! ያባታቸውን ዓይን ይዘው። እግዜር ያሳድግልሽ። ነገ ከቤትሽ ወጥተው ሰው ዘንድ ሲያድሩ፣ እንደ እኒያ ትልቅ ሰው ክብራቸውን የሚጠብቅ የክርስትና አባት ይስጣቸው፤ የቤቱም እመቤት ልክ እንዳንቺ ርኅሩኅ ትሁንላቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ከበቡሽዬ… ለልጆችሽ እኮ ነው።