አባ ተክሌ የጠቀለሉት አንቴና

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ሬዲዮ ይናገራል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ቢገኝ "ምን ነካው?" ተብሎ ጠበል ይወሰድ ነበር። (ሳቅ) ታዲያ ትልቁ ልጄ፣ ያ ደብረ ታቦር የሚያስተምረው፣ በትርፍ ጊዜው ከሰው ጋር በሬዲዮ ማውራት ይወዳል፣ ተፈትኖ ፈቃድ ሁሉ አለው፤ እና ኔትወርክ እየጠፋ ስንቸገር አየና፣ ለእኔም ለንስሐ አባታችን ለአባ ተክሌም ፈቃድ አስወጥቶ ሁለት የእጅ ሬዲዮ ይዞልን መጣ። ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀቅ አድርገህ ትሰማለህ፣ አለቀ።

ከሬዲዮዋ ጋር የመጣችው አንቴና አጭር ጎማ ነበረች። ለመያዝ ምቹ ናት፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አያልፍም። ቀጥሎ የሚመዘዝ የብረት አንቴና አመጣልን፤ እሱስ ሩቅ ይሰማ ነበር፣ እኔ አጥር ስሻገር ቀጭ አደረግኩት እንጂ! በመጨረሻ ያንን ረዥም ተጣጣፊውን አመጣ፤ ብታጎብጠው አይሰበር፣ ስትለቀው ቀጥ ይላል። "አባባ፣ ለእናንተ አገር ይሄ ነው፤ ብቻ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም" አለኝ። ደግሞ ቁራጭ የመብራት ሽቦ ከአንቴናው ስር ካለው ብረት አሰረና እንደ ጭራ ቁልቁል ለቀቀው። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ስለው፣ "ድምፁን ያግዘዋል" አለ። እውነትም አገዘው!

እኔ ወደድኩት። አባ ተክሌ ግን ተቸገሩ። ለምን አትሉኝም? ሬዲዮዋን የሚይዟት ከጋቢያቸው ስር በወገባቸው ነው፣ ብርድ ነዋ አገሩ፤ አንቴናው ደግሞ በአንገታቸው በኩል ብቅ ይልና፣ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ያለውን ሁሉ ፊቱን ሸንቆጥ! አንዷ አሮጊት፣ "ምነው አባ፣ ምን አጠፋሁ?" አለቻቸው አሉ። (ሳቅ) ታዲያ አባ አፈሩና፣ ለእኔም ሳይነግሩኝ፣ አንቴናውን እንደ ጧፍ ጠቅልለው በፈትል ጥፍር አድርገው አሰሩት። ተጣጣፊ አይደል፣ ታጠፈላቸው!

እና ሐምሌ ላይ ስንዱን ምጥ ያዛት። ስንዱ ልጄ፣ ይህችው ከፊታችሁ የተቀመጠችው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጧት ስልኩ ለአፍታ ሰርቶልን አምቡላንስ ከወገዳ ከተማ ተጠራ፤ ከወንዙ ማዶ ይጠብቃል ተባለ። ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸከማት፣ አባ ተክሌም ሬዲዮዋን በወገባቸው ታጥቀው፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ አብረው ወረዱ። እኔ ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ፣ ሌላኛዋን ሬዲዮ ይዤ ከጉብታው ላይ ቀረሁ።

ታዲያ ከላይ ሆኜ ምን ባይ ጥሩ ነው? ወንዙ ሞልቷል! ላይ የዘነበው ደርሶ፣ ደፍርሶ፣ ዛፍ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል። መኪናውም ይህን አይቶ ወደ ላይኛው ድልድይ ዞሯል። እነሱን ግን ገደሉ ጋርዷቸው ምንም አያዩም። መንገዱ መንታ ከሚሆንበት ላይ ወደ ድልድዩ ካልታጠፉና ቁልቁል ወደ ወንዙ ከወረዱ፣ ያንን ዳገት መልሰው ሊያወጧት ነው፤ ልጄ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የላትም፣ ገባችሁ?

"አባ ተክሌ! አባ ተክሌ! ይሰሙኛል?" ክሽሽሽ። "አባ! ወደ ድልድዩ! ወደ ድልድዩ!" ክሽሽሽ። አንቴናዬን አቃናሁ፣ ጭራውን አስተካከልኩ፣ ከድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ ክሽሽሽ ነው። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ልጄ ሄደች አልኩ፣ በቃ ሄደች አልኩ፤ መጥራቱን ግን አላቆምኩም።

የቀረውን የነገረችኝ ስንዱ ናት። ዝናቡ እነሱም ዘንድ ደረሰና በርዷት ጥርሷ ተንገጫገጨ። አባ ተክሌ ምን አደረጉ? ጋቢያቸውን ገፈፉና አለበሷት! በዚያ ዝናብ በቀሚሳቸው ብቻ ቀሩ። ፈትሉ ከጋቢው ዘርፍ ጋር ተጠላልፎ ኖሮ አብሮ ተበጠሰ፤ አንቴናው ተስፈንጥሮ ቀጥ አለ፤ የእኔም ጩኸት ከወገባቸው ፈነዳ፦ "ወንዙ ሞልቷል! ወደ ድልድዩ!"

ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቃሬዛውን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። "ማነው?" አሉ አባ።

"እኔ ነኝ አባ! ከመንታው ወደ ላይ ታጠፉ!"

"ሰማን፣ ሰማን! አንተም ቀስ በል፣ ሰው ታስደነግጣለህ!"

ኧረ የደነገጥኩትስ እኔ! ድምፃቸውን ስሰማ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እፎይ አልኩ። መንታው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው። እና ድልድዩን ተሻግረው፣ ወገዳ ሳይደርሱ፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደኅና፣ ተመስገን!

ከዚያ ወዲህ አባ አንቴናውን አያጥፉትም። መስቀል የሚሳለመው ነው በሌላው ጎን የሚዞር። እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ ተጣጣፊውን ምረጡ፣ ግን አትጠቅልሉት።

ስንዱ፦ "አባባ፣ እኔ ግን ያንን ጋቢ እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ልጄን ሳስተኛ የማለብሳት እሱን ነው።"

"አትመልሺ! ከመለስሽላቸውማ አንቴናውን ደግመው ጠቅልለው ከስሩ ይሸሽጉታል!" (ሳቅ)