የአርዲቦዋ አዋላጅና የጃቫዋ ሴት ምክር

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅ አገር አልፎ በሄደ ሰሞን ነው። የአርዲቦዋ አዋላጅ እማማ ፈዲላ ማልደው ቅጠል ሊቆርጡ ሲወርዱ ራዚያን መንገድ ላይ አገኟት። ራዚያ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ፣ ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት።

«ምነው እማማ፣ ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

«አሚናት ልጄ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጂኒው አልለቅ አላት። አጠንኳት፣ ወገቧን አሸሁ፣ ዱዓ አስደረግሁ።»

«ታዲያ ሐይቅ ለምን አይወስዷትም? ሐኪም ቤት የተማረች አዋላጅ አለች።»

«ተይኝ እቴ! ተዘርፎ አልጋ እንኳ የለውም ይሉ የለ? ደግሞ በእነዚህ እጆቼ ስንቱን ተቀብዬ፣ በገዛ ልጄ ልፈር?»

እውነት ነው፤ የመንደሩ እኩሌታ በእሳቸው እጅ ተወልዷል። በምጥ የሞቱትን ግን «ቀናቸው ደርሶ ነው» እየተባለ የቆጠራቸው የለም።

ራዚያ በትሕትና ቀጠለች። «ጅዳ አብራኝ የሠራች ስሪ የምትባል፣ ጃቫ ከሚባል ሩቅ ደሴት የመጣች ሴት ነበረች፤ እንደኛው እስላም። እናቷ እንደ እርስዎ አዋላጅ ናት፤ በአገሯ ‹ዱኩን› ይሏታል። ታሻለች፣ ሥራሥር ጨምቃ ታጠጣለች፣ ክፉ መንፈስ በዱዓ ትመልሳለች።»

«አየሽ! እነሱም ያውቁታል።»

«ያውቁታል እማማ። ዛሬ ግን ምጥ ሲመጣ የስሪ እናት ወላዷን ይዛ ወደ ተማረችው አዋላጅ ትሄዳለች። አጠገቧ ሆና ‹አብሽሪ፣ አይዞሽ› ትላታለች፤ ስትገላገልም ታሻታለች። የታፈነ ልጅና የሚፈስ ደም የሐኪም ነው ባይ ናት። ክብሯ አልጎደለም። ቅጠሉን የፈጠረው አላህ፣ ለሐኪሙስ እውቀቱን የሰጠው ማን ሆነና?»

ነገሩ ልባቸውን ነካው፤ እልህ ግን ያዛቸው። «እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር ልሞክርና» ብለው ሄዱ።

ዙህር ሲቃረብ የአሚናት ድምፅ ሰለለ። ያን ጊዜ ራሳቸው ወጥተው «ቃሬዛ!» ብለው ጮኹ። ባጃጁ ሁሉ ነዳጅ አጥቶ ቆሟልና ጎረቤት ተሸክሟት ሐይቅ ደረሰች። የሐኪም ቤቷ አዋላጅ ወለል ላይ አንጥፋ እናቲቱን አተረፈች፤ ልጁ ግን ሞቶ ወጣ።

«ጠዋት ብንመጣ ኖሮ?» አሉ ፈዲላ።

አዋላጇ አቀርቅራ «ይተርፍ ነበር» አለች።

ባሥረኛው ቀን ሐቢብ የሚባል ጎረቤት «ሚስቴን ምጥ ያዛት፣ ይድረሱልኝ» ብሎ መጣ።

«ቃሬዛ አዘጋጅ» አሉት ከደጅ ቆመው። «አብሬ ሄጄ እጇን እይዛለሁ፤ የምታዋልዳት ግን የተማረችው ትሁን። በጊዜ የደረሰች ደሟ ይቆምላታል፣ ልጇ በሕይወት ይወጣል፣ ታቅፋው ቤቷ ትገባለች። እኔ ይህን ሳላምን ዘገየሁ።»

አሚናት ከጓዳ ሰምታ ኖሯል። «ለእኔስ፣ እማዬ?» አለች።

እማማ ፈዲላ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ከሐቢብ ፊት ፊት ወጡ።