ግብዣውን መጥሪያ ያሉት ዕለት

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ግንብ ሥር በምታልፈው ቀጭን መንገድ ብቻዬን ሳዘግም የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። የሚመታው ሰው አይታይም። ድምፁ የሚወጣው ከአናጺው ጎረቤታችን ከጋሽ መሮ በር ጀርባ ነበር።

«ጋሽ መሮ፣ ደህና ዋሉ?» አልኩ።

መዶሻው ቆመ። «ሰው የለም» አሉኝ ከውስጥ።

«ሰው ከሌለ ማነው የሚመታው?»

«አንተ ነህ እንዴ? በል እለፍ ልጄ፣ አላየኋቸውም በል። በሩን እየቸነከርኩት ነው።» በስንጥቁ በኩል የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አሾለኩልኝ። «መጥሪያ ላኩብን። ለሰፈሩ ሁሉ። ቤታችንን ሊያፈርሱ ነው። ይሄኔ ሁሉም በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ያልተገኘ ሰው አይከሰስም።»

አነበብኩት። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በሚደረገው የሥዕልና የሙዚቃ ዝግጅት ላይ እንዲገኙ ይላል። ከላይ ግን በደማቁ «መጥሪያ» ተብሏል። በሰፈራችን መጥሪያ ማለት ፍርድ ቤት የሚያቆም ወረቀት ነው፤ ከዚያ ቃል በታች የሚያነብ የለም።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ልጃቸው እየሮጠች ደረሰች። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥዕል የምትማር አንዲት ልጅ አለቻቸው።

«አባዬ፣ ክፈትልኝ። መቶ ሃያ ወንበር ደርድረን አንድ ጎረቤት አልመጣም። የዩኒቨርሲቲው ዲን እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ ብሏል። ሰፈሩ ካልመጣ ይህ ዝግጅት የመጨረሻው ነው፤ አዳራሹም የተሰበረ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል።»

«ታዲያ እንግዳ በመጥሪያ ይጠራል?» አሉ ጋሽ መሮ ከውስጥ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «‹የጥሪ ካርድ› ማለት ረዘመብኝ። አራት ዓመት ተምሬ የሰፈሬን ቋንቋ ረሳሁት።»

ያኔ ቢከፍቱ ጊዜ ነበረን። ሽማግሌ ግን ክርክር ከጀመረ ሳይጨርስ አይነሳም።

«እሺ፣ ብመጣስ ምን አገኛለሁ? ያ ግንብ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክመናል፤ ካለቀ ወዲህ በበሩ ያስገባን የለም። ሥዕል የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። ጣራ ሲያፈስ ሥዕል ይደፍናል?»

«አይደፍንም። ከግንቡ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ቤታችን መግባት ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት።»

«ስንት ማመልከቻ ጻፋችሁ?»

«እሱን ተይው። ማመልከቻውም ውሃውን ተከትሎ ሄዷል።»

«ዛሬ ዲኑ ሥዕሌ ፊት ቆሞ ‹ውሃ የገባበት ይህ በር የት አገር ነው?› አለኝ። ‹ከግንብዎ ጀርባ ነው› አልኩት። ሳቀ። ያጋነንኩ መሰለው። አንተ አጠገቤ ቆመህ ‹በሩ የኔ ነው› ብትለው ይስቅ ነበር? ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀበራል፤ ሥዕል ግድግዳ ላይ ነው፣ አይከደንም። ባለቤቱ ካልመጣ ግን ተረት ይሆናል።»

ከበሩ ጀርባ ዕቃ ሲገላበጥ ተሰማ።

«ጉጠቱን የት ጣልኩት?» አሉ።

«ስንት ሚስማር መታህ?»

«አሥራ አንድ። ባለ አሥር ቁጥር። እኔ ሥራ አላላላም።»

ሚስማሩ አንድ በአንድ ተነቀለ። ከዚያ ሰባት ቤት አንኳኳን፤ ከሰባቱም «ሰው የለም» ተባልን። ጋሽ መሮ በየደጁ እየቆሙ፣ ከደቂቃዎች በፊት ራሳቸው ያሉትን ሁሉ እየተቃወሙ ዘጠኝ ሰው አስወጡ።

አዳራሹ ስንደርስ አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የዲኑ መኪና የለችም። ሠራተኞች ወንበሩን እየቆለሉ ነበር፤ ሥዕሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ጋሽ መሮ አንዱን ገልብጠው አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይኸው በሬ» አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። «እዩት፣ ውሃው እስከ ማጠፊያው። እኛ ስንደበቅ ይቺ ልጅ ብቻዋን ስትመሰክር ኖራለች። ከእንግዲህ ሲጠሩን ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን። የታየ ሰው አይረሳም። ልጆቻችንም ይህን ግንብ መፍራት ይተዋሉ።»

ጎረቤቶች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እውነት ነበር ጋሽ መሮ የተናገሩት፤ ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን ሄዷል።

«የሚቀጥለው መቼ ነው ልጄ?» አሉ።

ልጃቸው ሥዕሉን ከእጃቸው ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ሠራተኞቹ ያቀበሏትን የአዳራሹን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ማንጠልጠያው ላይ ከአሁኑ «የተሰበረ ዕቃ ማከማቻ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በመካከላችን አልፋ ወጣች።