በቁሙ የተቀበረ ጎሚስታ ቤት

የእኛን ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ለቅሶ ለመድረስ ይዘጋጅ። መልሱ አንድ ነው፤ ሞቷል። ጅቡቲ ውስጥ ሞተ የተባለው የሐበሻ ሥራ ሁሉ እውነት ሞቶ ቢሆን ኖሮ ለመቃብር የሚበቃ መሬት ባልተገኘ ነበር። ሟቹን ግን በማግስቱ በሩን ከፍቶ፣ አዲስ ማቀዝቀዣ አስገብቶ፣ ከተማውን ሲያማርር ታገኙታላችሁ። እኔ ፅዮናዊት እባላለሁ፤ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ፈረንሳይኛውንም ሒሳቡንም ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ ቆፍሬ አውጥቻቸዋለሁ። ሥራዬ ደኅና ነው። ይህን በአደባባይ በመናገሬ እስካሁን ዓይኔ አልጠፋም፣ እግሬም አልተሰበረም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ሐሙስ፣ ለምግብ ቤቶች የማደርሰውን ሽሮ ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ፔካ 12 የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የተረፈው መቀመጫ ከጋሼ ዘውዱ ጎን ያለው ብቻ ነበር። ጋሼ ዘውዱ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። የእሳቸው አባት በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው በሚቆሙበት መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አላቸው። የጎማ ነገር ከሆነ እጃቸው የተመሰከረለት ነው። የዚያን ቀን ጭናቸው ላይ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ሻንጣ አቅፈው ነበር።

ከፊታችን ሁለት ሰዎች ስለ ነዳጅ ዋጋ በሶማልኛ ይከራከራሉ። አንደኛው ጥፋቱን ከባሕሩ ማዶ ባለው ጦርነት ላይ ይጥላል፤ ሌላው በዶላር ላይ። ከኋላችን ያለው ወጣት ደግሞ በስድስት ወር ባለሀብት ስለ መሆን የሚሰብክ ሰው በስልኩ ከፍቶ ለሁላችንም ያሰማናል። ሚኒባስ ውስጥ የዓለምን ኢኮኖሚ የማያቃና ሰው የለም። የራሱን ሱቅ የሚያቃና ነው የጠፋው።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሥራ እንዴት ነው አልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እያወቅሁ ጠየቅሁ።

«ኧረ ምን ሥራ አለ ልጄ። ሞቷል» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ እንዲያውም ሹፌሩም እንዲሰማቸው አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አድርገው ነው የተናገሩት።

ማክሰኞ ዕለት በበራቸው ሳልፍ ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች እዚያ ቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም እሱን ትቼ ስለ ሻንጣው ጠየቅኋቸው። ለበእምነት ነው አሉኝ። በእምነት አንድ ልጃቸው ናት፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ አብራቸው ጎማ ስትፈታና ስትገጥም የኖረች። ቅዳሜ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ ነው፤ እዚያ የአንድ ዘመዳቸው ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ትሆናለች። ይህን ሲነግሩኝ ሻንጣውን እንደ ሕፃን እያሻሹ ነው።

ከዚያ የዛሬ ልጆችን መውቀስ ጀመሩ። ቅባት ይንቃሉ፣ ላብ ይንቃሉ፣ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ባለሀብት የሚሆኑበትን መንገድ ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ ያድራሉ። ሱቁን ለማን እንዳቆዩት አሁን ግራ ገብቷቸዋል። እሳቸው ሲደክሙ በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ሲያልፉስ? እስከዚህ ድረስ ታገሥሁ። ስለ በእምነት እንዲህ ሲባል ግን የምችለው አልሆነም።

«ጋሼ፣ በእምነት ቅባት ንቃ አይደለም የምትሄደው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ለመንገዷ በርበሬ ልትገዛ መጥታ ራሷ ነገረችኝ። አባዬ ጎማ መግዣ እንኳን አጥቷል፤ ደንበኛ ሲመጣለት ወደ ዘከሪያ ይልካል፤ ሠርቼ ልላክለት አለችኝ። የምትሄደው እርስዎን ልትረዳ ነው።»

ዘከሪያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው። በሩን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ያለውን ጎማ ሁሉ አውጥቶ ደርድሮ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ሳይቀር «ሞልቷል» የሚል ሰው ነው። ጋሼ ዘውዱ ስሙን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሻንጣው ላይ ያለው እጃቸው ብቻ ቆመ። እኔም እውነት ጎማ የላቸውም ወይ ስል ጠየቅኋቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው የተቆለፈ ኮንቴይነር እስከ ጣራው አዲስ ጎማ ነው አሉኝ። በእምነትስ ምን እንደሆነ አታውቅም ወይ ብላቸው፣ የሰው አደራ ነው እንዳሏት ነገሩኝ። አደራ የተባለ ነገር በእሷ አስተዳደግ አይነካም፤ ስለዚህ ነክታው አታውቅም።

«ታዲያ ደንበኛውን ለምን ወደ ዘከሪያ ይልካሉ?»

«ሦስት መኪና በሬ ላይ ሲሰለፍ ሰው ያያል፣ ፅዮን።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይመስክሩ፤ አፌ ተከፍቶ ቃል ያልወጣበት ቀን ብዙ አይደለም። ሰው ደንበኛ እንዲመጣለት ስለት ይገባል። ጋሼ ዘውዱ ግን የመጣላቸውን ደንበኛ፣ ደንበኛ አላቸው እንዳይባሉ፣ በገዛ እጃቸው ለጎረቤት ያስረክባሉ።

ነገሩን ያስረዱኝ ጀመር። ባንቴ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው። ሱቁን አሳድሶ፣ ትልቅ የብረት በር አስገጥሞ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ገብታችሁ እዩልኝ ሲል ከረመ። ዓመት ሳይሞላው ቀበሩት፤ የሰው ዓይን በላው ይላሉ። እኔም ባንቴን አውቃቸዋለሁና፣ እሳቸውን የገደላቸው በሩ ሳይሆን ስኳሩ ነው፤ ሐኪም ከልክሏቸው ለስላሳ በሳጥን ይጠጡ ነበር አልኩ።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከዚያ ግን ፊታቸው ከበደ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ ሱቅ የከፈትሽው ትናንት ነው። እኔ በሰው አገር ነው ያረጀሁት። የእንግዳ ሰው ሀብት ከታየ ወሬ ይሆናል፤ ወሬው ደግሞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ያልነበረ ዘመድ ይመጣል። አበድረኝ ይላል፤ እምቢ ያልሽው እንደሆነ ጠላት ነው። እኔ ሞቷል እያልኩ ነው በሰላም የኖርኩት።»

ይህን አልናቅሁትም። ተሰዶ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ ፍርሃቱን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ነገር ግን እውነት የሆነ ፍርሃት ሁሉ ትክክለኛ ሥራ አያሠራም።

«ጋሼ፣ ገንዘብዎን ይደብቁ» አልኳቸው። «ኪስዎ ውስጥ ምን እንዳለ ለማንም መንገር የለብዎትም፤ እኔም ለማንም አልናገርም። እርስዎ የደበቁት ግን ገንዘብዎን አይደለም፤ ሥራዎን ነው። የሞተ ሱቅ ዘንድ ማን ጎማ ያሠራል? አርባ ቶን ጭኖ አዋሽን የሚሻገር ሹፌር ነፍሱን ለሬሳ አደራ ይሰጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ያሳደጉን እናንተ ናችሁ። ጤናውን የሚደብቅ ሰው ግን በእርስዎ አየሁ።»

«አንደበትሽ አባትሽን ነው» አሉ።

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ተመስገን ይላሉ። ሰኞ ሱቅዎ ቆመው ሞቷል ይላሉ። እግዚአብሔር የትኛውን ይስማ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከፊት ያሉት ሰዎች ነዳጁን ጨርሰው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ተሻግረው ነበር። ፔካ 12 ስንደርስ ጋሼ ዘውዱ ሻንጣውን መቀመጫው ላይ ትተው ወረዱ፤ ከሽሮዬ ጋር እየጎተትኩ ተከተልኳቸው።

በእምነት ክሪክ አስገብታ አንድ ተሳቢ አንስታለች፤ ግንባሯ ላይ የጎማ ጥላሸት አለ። ከኋላ ሌላ መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ጫላቸው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጋሼ ዘውዱ ለማንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከደረት ኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፤ ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

ኮንቴይነሩ ሲከፈት የታፈነው ሙቀትና የጎማ ሽታ ፊታችንን መታን። በእምነት እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች። ጎማዎቹን ከታች እስከ ላይ አየቻቸው።

«የማን ናቸው?»

«የእኛ» አሉ ጋሼ ዘውዱ።

አልጮኸችም። ወደ ውስጥ ጠልቃ፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቁትን በጣቷ ዳበሰች፤ በጥፍሯ ጫረቻቸው። «ይሄ ደርቆ ተሰንጥቋል። ይሄም። ይሄኛውም ለመኪና አይሆንም» አለች። ዓይን ያላገኛቸውን ጎማዎች ሙቀቱ አግኝቷቸው ነበር። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ የእኔም ዓይን ክፉ ነው?»

እኔ ሚኒባስ ውስጥ ያን ሁሉ ለፍልፌ ነበር። በዚያች አንዲት ጥያቄ ፊት የእኔ ክርክር ሁሉ የቡና ወሬ ሆነ። ጋሼ ዘውዱ የኮንቴይነሩን በር ይዘው ቆሙ።

«ከሰው ስደብቅ ነው የኖርኩት» አሉ። «ሰው ከምለው ውስጥ አንቺንም ማስገባቴን አላወቅሁም።»

«እኔ እኮ የምሄደው ላንተ ልልክ ነበር።»

«ፅዮን ነገረችኝ።»

ይህን ጊዜ ጫላቸው፣ የለመደው ነውና፣ ከውጭ «ጋሼ፣ እኔ ወደ ዘከሪያ ልሂዳ?» አለ።

ጋሼ ዘውዱ ዘወር ብለው አዩት። «የትም አትሄድም» አሉት። «ተራህን ጠብቅ።»

በእምነት የዚያን ቀን አባቷን አቅፋ አላለቀሰችም፤ እንዲያ ያለውን ነገር የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የጀመረችውን ጎማ ጨረሰች፤ የጫላቸውን ሠራች፤ ከዚያ ጨርቋን ጥላ ውሏን ተናገረች። ከቀረች የምትቀረው የሱቁ ፈቃድ በሁለቱም ስም ከሆነ፣ ደኅናው ጎማ ሁሉ ወጥቶ በበሩ ከተደረደረ፣ መኪና ወደ ሌላ የሚላከው እሷ ስትፈቅድ ብቻ ከሆነ ነው። የደረቁት ደግሞ በዚያው ሳምንት ይጣላሉ። ጋሼ ዘውዱ በእያንዳንዱ ላይ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ እሺ አሉ። የድሬዳዋው ባቡር ቅዳሜ ያለ እሷ ሄደ።

አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ጥቅሙን ላልገባው ሰው ዘርዝሬ ልናገር። ጎማው ከመድረቁ በፊት ይሸጣል፤ በተሸጠው አዲስ ይገባል። የጫላቸው ባልደረቦች ከጋላፊ ድንበር ሲመጡ በሩ ላይ የሚያዩት ጎማ ስላለ ሌላ ቦታ አይጠይቁም። ሥራው ለሁለት ሰው ስለበዛ ይታገሱ የሚባል ጎበዝ ተቀጥሯል። ዘከሪያ ከሰረ ወይ ለምትሉኝ አልከሰረም፤ አሁን እሱም ሲጨናነቅ ወደ እነሱ ይልካል፤ ውለታው የሁለት ወገን ሆነ። የተባለው ዓይን አልመጣም። የተባለው ዘመድ መጥቷል፤ እሱን እንኳን አልክድም። አበድሩኝ ሲል በእምነት ሥራ እንስጥህ አለችው፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ጋሼ ዘውዱን ባለፈው ሰሞን በራቸው ላይ አገኘኋቸውና ምን ይላሉ አልኳቸው። አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

«ወንድ ልጅ ስላልነበረኝ ሱቁ ከእኔ ጋር ያልቃል ብዬ ነበር» አሉ፣ ክሪክ የምታነሣውን ልጃቸውን እያዩ። «ወራሼ አጠገቤ ቆማ፣ የምትወርሰው የለም እያልኩ ሳባርራት ነው የኖርኩት።»

እናንተም ሞቷል የምትሉ ሁሉ፣ ኪሳችሁን ዝጉት፤ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሥራችሁን ግን ቢያንስ ለልጆቻችሁ አሳዩ። ከልጅ የተደበቀ ሀብት ወራሽ የለውም፤ ያለው አግኚ ብቻ ነው።