ጥላው ውስጥ የገባው ብር

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለው የታደለ ምግብ ቤት፣ ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዓባይነሽ ከጓዳ የምትወጣው ከስንት አንድ ቀን ነው። ያን ቅዳሜ ግን ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። ገበያ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። አዲሷ አስተናጋጅ ሕሊና ልብሷን በነጠላ ቋጥራ፣ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ በሩ ላይ ቆማለች። ባለቤቱ ታደለ ጠዋት ነው ያሰናበታት። ጥፋቷ ባለፈው ሳምንት የአንድ ትልቅ ደንበኛ መልስ ወስዳ ካደች የሚል ነው።

ከሳሿም ሩቅ አልነበሩም። መስኮቱ ሥር፣ ከባሕር ዳር ከመጡ እንግዶች ጋር እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። እንግዶቹን ባለፈው ሳምንት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉም እዚሁ ጋብዘዋቸው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሲመለሱ መሆኑ ነው። ሰውዬው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። አሁን የያዙት ወሬ የሴት ልጃቸው ነው፤ ሆቴል ሙያ ተምራ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አስተናጋጅ ሆና መቀጠሯን ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ያወራሉ። አባት ናቸውና ይኩሩ፣ ማን ይከለክላቸዋል።

ዓባይነሽ ወደ መስኮቱ ዘወር እንኳ አላለችም። ታደለን በልጅነቱ አዝላዋለችና እንዳሻት ነው የምታናግረው። ባንኮኒውን ደገፍ አለችና ጀመረች።

«ታደለ ልጄ፣ እንዴት አረፈድክ? ዘንድሮ ያመጣህልን የቡሬ በርበሬ ቀለሙ እንዴት ያምራል! ሲያዩት እኮ ዓይን ይሞላል። ድስት ውስጥ ሲገባ ግን… ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። ቢሆንም ምን ችግር አለው? ሰው የሚያየው ቀለሙን አይደል? ዝናቡም እንደዚያው ሆኗል። እኛ ላይ ሲያጓራ ውሎ ጅጋ ሄዶ ይጥላል አሉ። ደህና፣ የጅጋ ሰው ይጠቀም።

«ከጅጋ ስል ትዝ አለኝ። ባለፈው ከዚያ በእግሩ የመጣ አንድ ገበሬ ሽሮውን በልቶ፣ ለልጅቷ የሚተውላት ቢያጣ ለገበያ ካመጣው ላይ እንቁላል አንሥቶ ትሪው ላይ አኖረላት። ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎ ውልቅ! ሰው አየልኝ አላየልኝ ብሎ ዞር እንኳ አላለም። አይ ገጠሬ… እንዲህ ተደርጎ ይሰጣል? ለመስጠትም እኮ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ማየት ከፈለግህ እኔ የማውቃቸው አንድ ጨዋ ሰው አሉ። ስማቸውን ተወው፣ ምን ያደርግልሃል? ደግ ሰው መወራቱን አይወድም።

«እኒህ ሰው ብቻቸውን ሲመጡ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ትሕትና ነው። እንግዳ ሲይዙ ግን ቸርነታቸው ይነሣባቸዋል። ብሩን ያወጡና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው በብርሃን ያዩታል። ሐሰተኛ ሆኖ ልጅቷ እንዳትጎዳ ይሆናላ! ከዚያ ትሪው ላይ ጣል ያደርጉና ‹መልሱን ያዢው የኔ ልጅ!› ይላሉ። የሳቸው ድምፅ እኮ መናኸሪያ ይደርሳል። የአውቶቡስ ረዳቶቹ እንኳ የተጠሩ መስሏቸው ዞር ይላሉ። እንግዶቹም ይደነቃሉ… እንዴት አይደነቁ? እኔም እዚያ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርቱን ትቼ እደነቃለሁ።»

ከመስኮቱ ሥር ሰውዬው ስለ ልጃቸው የያዙት የባሕር ዳር ወሬ ቆመ። ታደለ የጸዳውን ባንኮኒ እንደገና መወልወል ያዘ።

«ታዲያ እንግዶቻቸውን መኪናው ድረስ ሸኝተው… ከበር ይመለሳሉ። ለምን ይመለሳሉ? ኮፍያቸውን ረስተው? ኧረ ኮፍያቸውስ ራሳቸው ላይ ነው። ለልጅቷ አዝነውላት ነው እንጂ። ገንዘብ ወጣት ያባልጋል አይደል? ተጠግተው ‹ያችን ብር…› ይሏታል። ይኸኛውን ድምፃቸውን አልሰማኸውም አንተ። እንዴት ያለ ለስላሳ መሰለህ! ቅዳሴ ላይ የሚያንሾካሹኩ ነው የሚመስሉት። የፊተኛዋ ልጅ ታንጉት እዚህ ስትሠራ ታውቅባቸው ነበር፤ የሳቸውን ብር ትሪው ሥር ሸጉጣ ትጠብቃቸዋለች። አደራ ነዋ። ሲመለሱ እጃቸውን ዘርግተው ይወስዳሉ፣ እሷም ጎንበስ ብላ ትሰጣለች። እንዲህ ነው ጨዋ ለጨዋ።

«ይቺ ሕሊና ግን… ምን ልበልህ፣ ፈረስ ቤት ከተማ ያደገች ናት። እዚያ ደጋ ላይ ትልቅ ሰው አንድ ነገር ከተናገረ ተናገረ ነው ብለው ነው የሚያሳድጓቸው። ማን ይንገራት? ‹ያዢው› ሲሏት… ያዘችዋ! ያዢው ማለት እስክመለስ ያዢልኝ ማለት መሆኑን አታውቅ። ይባስ ብላ ደስ አላት። እዚህ ቤት ከገባች መጀመሪያ ያገኘችው ብር ነው፤ መጀመሪያ ያገኙትን ደግሞ ለእግዜር መስጠት የነሱ አገር ልማድ ነው። በጓሮ በር ሮጣ ወጣችልህ። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚለምኑት ሰዎች ጥላ ገልብጠው ቆመው የለ? እዚያ ጥላ ውስጥ ጨመረችው። ሙሉውን! ‹ለሰጡኝ ሰውዬ ዕድሜ ይስጥልኝ› ብላ ጸልያላቸዋለች አሉ። አሁን እንዲህ ያለችው ትቀጠራለች?

«ጨዋው ሰው ከበር ተመለሱ… ብር የለም። ጥላው ውስጥ ነው። ቄሱ ደግሞ መስቀል ይዘው ጥላው አጠገብ ቆመዋል። ምን ይደረጋል? ‹የኔን አውጡልኝ› ይባላል እንዴ? መቼም አልነበርኩም፣ ግን ጥላውን ሁለት ጊዜ ዞሩት ነው የሚሉት። ለመሳለም ይሆናል። እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል። እስከ ዛሬ ለዚያ ጣሪያ የሰጡ እንደሆነ በጣም በስውር መሆን አለበት፣ የሚለምኑትም ሰዎች አይተዋቸው አያውቁም። አሁን ግን አንዷ ቆርቆሮ የሳቸው ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ እላይዋ ሲወርድ እኔ እሳቸውን አስባለሁ።

«ይኸን ሁሉ ጽድቅ ያገኙት ታዲያ በማን እጅ ነው? በዚች ልጅ። እሳቸውም ውለታዋን አልረሱም… አንተ ዘንድ መጥተው ሌባ ናት አሉህ። ይኸም እኮ ትሕትና ነው! ጽድቃቸው እንዳይወራባቸው ብለው። ግምገማ ላይ የሰው ስሕተት በማውጣት የሚተካከላቸው የለም ይባላል። የራሳቸው ግን ተፈልጎ አልተገኘም አሉ። እንዴት ይገኛል? ከኋላቸው ተመልሰው ያነሡታላ!»

ከእንግዶቹ አንዱ ወደ አፉ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ያ ‹መልሱን ያዢው› ሲባል እሱም ነበረ፤ በጆሮው ሰምቶታል። ጋባዡን አየት አደረገና ውኃውን አንሥቶ ጠጣ። ጋባዡ ሚጥሚጣው በዛ ብለው ሳል ጀመሩ።

ዓባይነሽ እስካሁን ፈገግ እንዳለች ነበረች። ልጅቷን ግን ትወዳታለች፤ ‹ሌባ› የሚል ስም ይዛ ፈረስ ቤት ብትመለስ አንገቷን ደፍታ እንደምትቀር ታውቃለች።

«አንተ ግን ልክ ነህ ልጄ፣ አባራት። ደንበኛ ይቀድማል። አንተ በምትከፍላት እንደማትኖር፣ ሰው ትሪው ላይ በሚተውላት እናቷን ልትረዳ እንደገባች እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ… እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔም ዕቃዬን ልሰብስብ መሰለኝ። ነገ እንግዳ ፊት ‹እንዴት ያለ ወጥ ነው› ብለው ያመሰገኑኝ ሰው ከበር ተመልሰው ‹ያችን ምስጋና…› ቢሉኝስ? የት አባቴ አገኛታለሁ? በልቻት ይሆናል እኮ! ደሞ የሚመሰክርልኝ አላገኝም። የሷን ነገር እንኳ የሰሙ እንግዶች ነበሩ። መንገደኞች ናቸውና የት ይገኛሉ… ባሕር ዳር ደርሰዋል መቼም።»

ታደለ መወልወያውን አስቀመጠ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዓባይነሽን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለሱ የሚነግረው አያስፈልግም። ግን የገፋው ይህ ፍራቻ ብቻ አልነበረም፤ ሕሊናን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ሰውዬው ተነሡ። ብር አወጡ። በዚህ ጊዜ ወደ ብርሃን ከፍ አላደረጉትም፣ ድምፃቸውንም ማንም አልሰማም። ብሩን ትሪው ጠርዝ ላይ አኖሩና ባንኮኒው ዘንድ መጥተው፣ ታደለ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው በዚያ ለስላሳ ድምፅ ‹ያችን ክስ…› አሉት። ታደለ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሩ ድረስ ሄዶ የሕሊናን ቋጠሮ ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጓዳ አስገባው። ቋጠሮውን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው አቅፎ ነበር የወሰደው።

ሕሊና ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ትሪውን ልታነሣ ሄደች። ብሩን ስታይ እጇን ሰበሰበች።

«አንሺው የኔ ልጅ፣» አለች ዓባይነሽ። «ቢሆንም በጓሮ በር አትሩጪ። እንግዶቹ መኪና እስኪገቡ ድረስ… እንዲያው ለማንኛውም ቆም በይ።»

እንግዶቹ አቀርቅረው ወጡ። ሰውዬው ኮፍያቸውን አድርገው ሊከተሏቸው ሲሉ፣ ዓባይነሽ ገና አሁን እንዳየቻቸው ሁሉ ዘወር አለች። ማማሰያዋን ባንኮኒው ላይ አጋደመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ውይ! ለካ እርስዎም እዚህ ነዎት? ስለ ሌላ ሰው ስቀባጥር ሳላይዎት ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ባሕር ዳር ሥራ መያዟን ሰማሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት። መቼም ሳልመርቅዎትማ አይወጡም። እመብርሃን ከክፉ ትጠብቅልዎት። የያዘችው ይባረክላት፣ የቀመሰው ይጣፍጠው። እዚያ ሐይቁ ዳር ገብቶ የምታስተናግደው ሰው ሁሉ፣ ጠዋትም ማታም… ልክ እንደ አባቷ ያለ ይሁንላት። አሜን ይበሉ እንጂ ጌታዬ።»