ብርጭቆ ላይ የቆመችው ባጃጅ

(ድሬዳዋ፣ አንዲት ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፤ የባጃጅ ሾፌሩ አንተነህ ሱቁን ሲጠብቅ ቆይቷል፣ ባለ ሱቁ ጓደኛው ረድዋን ከጁምዓ ሶላት ገና መመለሱ ነው፤ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።)

ረድዋን፦ በእኔ መሳቢያ ምን አገባህ?

አንተነህ፦ እርሳስ ፍለጋ ነው። ዓርብ አይደል? ለመጫወቻ ሮቦቶቻችን ነጥብ የምንሰጥበት ቀን ነው ብዬ ደብተሩን ዘርግቼ ጠበቅሁህ። እርሳስ ስፈልግ እሷን አገኘሁ።

ረድዋን፦ እሷ ማን ናት?

አንተነህ፦ አታውቃትም? በወርቅ ሰዓት መጥረጊያ ጨርቅ ጠቅልለህ ያስተኛሃት! ጎማዋ ሲታጠፍ እግር፣ ጣሪያዋ ሲገለበጥ ደረት የሚሆንላት አረንጓዴዋ ባጃጅ። የእኔዋ።

ረድዋን፦ አቦ ቀስ በል! ከአሥር አራት ነጥብ ያገኘች ሮቦት የማንም አይደለችም። ከአምስት በታች ያገኘ ለመለዋወጫ ይፈታል፤ ሕጋችን ነው።

አንተነህ፦ ይፈታል ይላል እንጂ ተሸፋፍኖ ይተኛል አይልም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ እግሯና እጇ ተለያይተው መለዋወጫው ሣጥን ውስጥ ያሉ ይመስለኝ ነበር። አልቅሼላታለሁ እኮ!

ረድዋን፦ ለመጫወቻ?

አንተነህ፦ አንተም እኮ ለመጫወቻ ነው ጨርቅ ያለበስከው።

ረድዋን፦ እሺ፣ ስማኝ። ልፈታት ያዝኳትና አሳዘነችኝ። ጠገንኳት። ግራ ጉልበቷ ሞቶ አልነበር? የድሮውን ሚስማር አውጥቼ የሰዓት ማሰሪያ ሚስማር ቆርጬ አስገባሁላት። ይኸው ነው ወንጀሌ።

አንተነህ፦ ጠገንካት?

ረድዋን፦ በዚህ በእጄ።

አንተነህ፦ መነጽርህን አድርግ።

ረድዋን፦ ለምን?

አንተነህ፦ የሰው ሰዓት ውስጥ ፀጉር የምታክል ሽቦ የምታይበትን መነጽር አድርግና የግራ ጉልበቷን እይልኝ። ሚስማሩ ራስ ላይ ምን አለ?

ረድዋን፦ ቀይ ነገር... ቆሻሻ ነው።

አንተነህ፦ የእህቴ የጥፍር ቀለም ነው። የገዛኋት ዕለት ምልክት ይሁነኝ ብዬ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነጥብ አደረግሁባት፤ ግማሹ ሚስማሩ ላይ፣ ግማሹ እግሯ ላይ። ሚስማሩ ወጥቶ ቢሆን ነጥቧ ለሁለት ትሰነጠቅ ነበር። ተሰንጥቃለች?

ረድዋን፦ መብራቱ ደብዛዛ ነው።

አንተነህ፦ አንተ እኮ ባለሙያ ነህ። ተሰንጥቃለች ወይ?

ረድዋን፦ አልተሰነጠቀችም።

አንተነህ፦ ስለዚህ ጉልበቷን ማንም አልነካውም።

ረድዋን፦ አንተነህ፣ ሻይ ልዘዝ?

አንተነህ፦ ሻዩ ይቅር፤ ብርጭቆውን ስጠኝ። ገልብጠው። እንደ ሕጋችን በአንድ እግሯ አቁማትና እስከ ሃያ ቁጠር።

ረድዋን፦ አሁን ምን ያደርጋል?

አንተነህ፦ ቁጠር!

ረድዋን፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አቦ ተወኝ፣ ትቆማለች! እንደምትቆም አውቃለሁ!

አንተነህ፦ ያን ዕለትስ ለምን ወደቀች? አራት ሳትቆጥር ነው የተንሸራተተችው። በዐይኔ አይቻለሁ።

ረድዋን፦ ዘይት ነው።

አንተነህ፦ የምን ዘይት?

ረድዋን፦ የሰዓት ዘይት። አንዲት ጠብታ፤ ብርጭቆው ቂጥ ላይ።

አንተነህ፦ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ! እኔ ደግሞ ውድቀቷን አይቼ፣ ‘ረድዋን አይሳሳትም’ ብዬ በገዛ እጄ አስረከብኩህ። አንዴ እንኳ ልድገመው አላልኩም።

ረድዋን፦ አትደግመውማ፤ ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ባለቤት እንደገና አይፈትንም ያልከው አንተ ነህ። ‘ባለቤት በፍቅር ይታወራል፣ ለራሱ አይፍረድ’ ብለህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ።

አንተነህ፦ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ሆነ?

ረድዋን፦ እንደዚያ አላልኩም።

አንተነህ፦ ሕጉን ያወጣሁት አንተ እንድትዳኘኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሕጉን አላወጣውም ነበር።

ረድዋን፦ ሦስቴ እንለዋወጥ ብዬሃለሁ እኮ። አንበሳ ሮቦቴን ልስጥህ አልኩ፣ እንቢ። አንበሳውንና አውሮፕላኑን ልደርብልህ አልኩ፣ ሳቅህ። ‘ባጃጅ ነጂ ባጃጁን ይሰጣል?’ አልክ። በሦስተኛው እኔም አብሬህ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

አንተነህ፦ ሆድህ ያልሳቀ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?

ረድዋን፦ አፈርኩ። አንተ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ስትዞር ትውላለህ፤ ያየኸውን፣ የወደድከውን ትይዛለህ። እኔ ጠዋት እዚህ እቀመጣለሁ፣ ማታ ከዚህ እነሳለሁ። እጄ ውስጥ የሚገባ ቆንጆ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ አስጩኼ እመልሳለሁ። አንድ ነገር እንኳ ሳልመልሰው እዚህ ቢያድር አልኩ።

አንተነህ፦ አደረ። ደስ አለህ?

ረድዋን፦ አንድም ቀን አውጥቼ አላቆምኳትም። አንተ መጣህ አልመጣህ እያልኩ መሳቢያውን ስከፍትና ስዘጋ ነው ሁለት ወር ያለፈው። ይኸው፣ ውሰዳት። በደብተሩም አሥር እጽፋለሁ። በቀለም።

አንተነህ፦ ሰማያዊው ክሬንስ?

ረድዋን፦ ክሬኑ ምን ሆነ?

አንተነህ፦ ወንድሜ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ሮቦት። በተከታዩ ጉዞ መኪናው ተገልብጦ የቀረው ወንድሜ። ሦስት ሰጠኸው። እዚህችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አምኜህ ወገቡን እንኳ ሳልመረምር፣ በራሴ እጅ ፈታሁት።

ረድዋን፦ እሱ እውነት ሦስት ነበር! ወላሂ! ወገቡ በስተውስጥ ተሰንጥቆ ነበር።

አንተነህ፦ የእሷም ጉልበት ሞቶ ነበር።

ረድዋን፦ ይሄ ሌላ ነው። በወንድምህ ዕቃ እቀልዳለሁ?

አንተነህ፦ ባለፈው ወር ብትጠይቀኝ ‘ረድዋን በምንም አይቀልድም’ እልህ ነበር። አሁን ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። የመለዋወጫውን ሣጥን ስጠኝ።

ረድዋን፦ የሦስት ዓመት ቁርጥራጭ ነው፤ ምኑን ከምን ትለየዋለህ?

አንተነህ፦ ሰማያዊ ወገብ እፈልጋለሁ። ስንጥቁን ካየሁ አምንሃለሁ። የዘይቷንም ነገር ዳግመኛ አላነሳብህም።

ረድዋን፦ አንተነህ...

አንተነህ፦ ስጠኝ እንጂ!

ረድዋን፦ ወገቡ የለም። ሌላ ሮቦት ስጠግን ቆራርጬ ማጠፊያ ሠራሁበት፤ የተረፈውን ጣልኩት። ግን ተሰንጥቆ ነበር። እመነኝ፣ ተሰንጥቆ ነበር!

አንተነህ፦ ባጃጇን እንደሰረቅከኝ አውቄአለሁ፤ ያወቅሁትን ይቅር ማለት እችላለሁ። በክሬኑ ግን ዋሽተኸኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አላውቅም። ያላወቅሁትን በምን አፌ ይቅር ልበልህ?

(አንተነህ የክሬኑ ቁርጥራጭ ያለበትን የመለዋወጫ ሣጥን በሚነዳው ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ሄደ፤ ትንሿ አረንጓዴ ባጃጅ ብርጭቆው ላይ በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች።)