በአጥሩ ሥር የተበተነው በቆሎ

ቁጡ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼም ባለቤቴም ይመሰክሩብኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ስንቱን ጠመኔ በንዴት ሰብሬያለሁ፤ ሰው ግን መትቼ አላውቅም። አምና አንድ ቅዳሜ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይህ ታሪኬ ሊበላሽ ለጥቂት ነው የተረፈው።

የገባሁት ለውሃ ጎማዬ ማያያዣ ልገዛ ነበር። ከፊቴ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቆመዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። ባለሱቁ የአይጥ መርዝ በጋዜጣ እየጠቀለለላቸው ነው። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቃቸውም፤ ላየው ሰው ስኳር የሚሸጥ ነው የሚመስለው።

«ጋሽ ሜትር፣ እንደምን ዋሉ? አይጥ አስቸገረዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አይጥስ በስንት ጣዕሙ!» አሉ። «የጎረቤቴ ዶሮዎች ናቸው እንጂ። አርባ የጥቅል ጎመን ችግኝ ተክዬ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀርቶኛል።»

«ታዲያ መርዙ ለዶሮ ነው?»

«ለሌባ ነው» አሉና ጥቅሉን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ደሜ ፈላ። የመጣሁበትን ማያያዣ ረስቼ ተከትያቸው ወጣሁ። መርዝ ዶሮን ከድመት፣ ድመትን ከሕፃን ለይቶ አያውቅም እያልኩ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቅኳቸው። እርሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና ቆም አሉ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አከብርሃለሁ። ግን አልገባህም። አርባ ዓመት ለሰው ስሰፋ ኖርኩ፤ የሰፋሁትን ሁሉ ሰው ለብሶ ሄደ። ይህቺ የጓሮ መደብ ግን የራሴ ናት። ጧት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። አንድ ቅጠል ከጨመረ አውቃለሁ። ባለቤቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከተኛች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ደስ የሚለኝ ቦታ እሱ ብቻ ነው። እሱንም ዶሮ እየጫረ ይጨርስብኝ?»

«አይጨርስብዎ። ግን ሌላ መላ የለም?»

«አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። በቆሎ ለውሶ አጥር ሥር መበተን ነው። አንዷ ስትሞት ጎረቤት የቀሩትን ያስራል። ሰው የሚማረው እንዲህ ነው።»

አባት አደረገው ማለት እንዴት ያለ ምቹ መደበቂያ ነው! ይህንኑ ወግ ዲግሪ ካላቸው ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ቆሽቴ ያርራል። ጎረቤትን በመርዝ የሚያስተምር ሰው ራሱ ምን ተምሯል?

ግቢያቸው ስንደርስ የጎረቤታቸው ልጅ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘናት። ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ናት። አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯን ይዛ አንጠልጥላለች፤ የዶሮዋ አንገት ዝልፍልፍ ብሏል።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ» አለች። «ይህችን ያውቋታል?»

«የእናንተ ናት። ግቢዬ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«የሞተችው የኛ በር ላይ ነው። ጧት አጥሩ ሥር ምን በተኑ?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ለካ ኪሳቸው ያለው ሁለተኛው ጥቅል ነው!

«አንድ እሽግ በትኜ ነበር፤ አልበቃ አለኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅንጣት ኀፍረት የለም።

«አንድ ቀን እንኳ መጥተው ዶሯችሁን ያዙልኝ ብለውናል?» አለች ልጅቷ።

«ሦስት ጊዜ እዚሁ ቆሜ ጮኼያለሁ!»

«ጮኸዋል። የጮኹት ግን ዶሮዎቹ ላይ ነው። ለእኔና ለእናቴ የነገሩን ነገር የለም።»

በዚህ ንዴት መሐል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋሽ ሜትር ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! በልጅ ልጄ ዕድሜ ሆነሽ ልትመክሪኝ ነው?»

«አልመክርዎትም፤ አንድ ነገር ላሳይዎት ነው። ይፈቅዱልኛል?»

መልስ ሳትጠብቅ ዶሮዋን አጥሩ ላይ አኑራ ወደ መደቡ ገባች። ጎንበስ ብላ አፈሩ ላይ የወደቀ ችግኝ አነሳችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ዶሮ ስትጭር ችግኙን ከነሥሩ ነው የምትገለብጠው፤ ቅጠሉንም ትነጫጨዋለች። ይሄኛው ሥሩ እዛው መሬት ውስጥ ነው፤ ቅጠሉም ሙሉ ነው። ግንዱን ይዩልኝ። ዕድሜዎን ሙሉ መቀስ ይዘው ኖረዋል፤ ይሄ የጥፍር ሥራ ነው?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። «ቀጥ ያለ ቁርጥ ነው» አሉ በግድ።

ልጅቷ ከተቆረጠው ግንድ አጠገብ አፈሩን በጣቷ ማሰች። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ አመድማ ትል አወጣች። ከቀጣዩ ችግኝ ሥር ሁለት ደገመች። የጋሽ ሜትር መዳፍ ሦስት ትል ያዘ።

«ቆራጭ ትል ይባላል። ሲመሽ ይወጣል፣ ግንዱን ይቆርጣል፣ ሲነጋ አፈር ውስጥ ይገባል። እርስዎ ጧት ሲመጡ የወደቀ ጎመንና የቆመች ዶሮ ነው የሚያዩት።»

«ታዲያ ዶሮዋ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ትሉን ልትለቅም።»

ሰውየው እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ መስሏችሁ ከሆነ አታውቋቸውም። ትሎቹን መሬት ላይ ጥለው በጫማቸው ፈጯቸውና፣ «አራቱን ስትገለብጥ በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ!» ብለው ጮኹ።

«እውነትዎን ነው፤ አራቱን ገልብጣለች። መረብ ሳናጥር ዶሮ መልቀቃችን የኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ይደረግልን። አሥራ ዘጠኙን የቆረጠው ግን ትሉ ነው። እርስዎ የገደሉት ጠባቂዎን ነው።»

«እንግዲህ የሞተች ዶሮ አይደለች? ሰው አልሞተ! ለዚህ ሁሉ—»

ከጀርባችን መስኮት ተከፈተ። ባለቤታቸው ናቸው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰውነታቸው ከስቶ ድምፃቸው ብቻ ነው እንደ ድሮው የቀረው።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» አሉ። «የዛሬውን እንቁላል እናትሽ በጓሮ በር ሰጥታኛለች፤ አመስግኚልኝ። ቀቅዬው ቀርቧል፤ በእግዜር፣ እሱም ባይኖር ምን እበላ ነበር?»

ልጅቷ ክው አለች። ጋሽ ሜትር ወደ እሷ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ወዳለችው ዶሮ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዓይናቸውን አዞሩ።

«የምን እንቁላል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሆዳቸው ሌላ ምግብ እምቢ ስላለ እናቴ በየጧቱ ትሰጣቸዋለች» አለች ልጅቷ። «እርስዎ ስለሚቆጡን በዋናው በር አንመጣም። ጋሼ... የዛሬው ከየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ አላውቅም። መርዙን ስንቶቹ እንደለቀሙትም አላውቅም።»

የሰባ ዓመት ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ተከትለናቸው ገባን። ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንቁላሉን ልጠው ጨው ነስንሰውበታል፤ ማንኪያው አፋቸው ሊደርስ ነው።

«አትብዪው!» ብለው ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

ጋሽ ሜትር ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሱ። እኔ ልናገርላቸው ፈለግሁና ተውኩት። ይህንን በራሳቸው አፍ መናገር ነበረባቸው።

«አጥር ሥር... መርዝ በትኜ ነበር። ለዶሮዎቹ።»

ሴትየዋ ሳህኑን ገፋ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ሦስታችንም ተንበርክከን በቆሎ ለቀምን። ልጅቷ ጓንት አምጥታ አደለችን። ጋሽ ሜትር ከሁላችንም ቀድመው ጀምረው ከሁላችንም ኋላ ጨረሱ። ሣሩን በጣታቸው እየፈለቀቁ፣ «እዚህም አለ... ወይኔ፣ እዚህም አለ» ይላሉ። የዶሮዋን ሬሳ፣ እንቁላሉንና የተለቀመውን በቆሎ ልጅቷ እንስሳ የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ አስቀበረች፤ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውንም ጥቅል ተቀብላ መሥሪያ ቤቷ እንዲያስወግደው ወሰደች። የቀሩትን ዶሮዎች ቆልፋ ለሳምንታት እንቁላላቸውን ሁሉ ጣለች። ለባለቤታቸው የሚሆነውን ከሌላ ሰፈር እየፈለገች አመጣች።

በመጨረሻ ጋሽ ሜትር ተነስተው ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ «እንግዲህ ምን እናድርግ? ንገሪኝ ልጄ» አሏት። «አንቺ ልጅ» ቀርቶ «ልጄ» ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

«ከመትከልዎ በፊት አፈሩን ገልብጠው ዶሮዎቹን አንድ ሳምንት ይልቀቁበት፤ ትሉን ይጨርሱልዎታል። ከተከሉ በኋላ እኛ መረብ እናጥራለን። ለእያንዳንዱ ችግኝ ደግሞ ከካርቶን ቀለበት ቆርጠው ግንዱን ይክበቡት፤ ሁለት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ይግባ። ትሉ ግንዱን አያገኘውም።»

«ኮሌታ ማለትሽ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ኮሌታ።»

በማግስቱ ስሄድ ሜትራቸውን ዘርግተው ካርቶን እየለኩ ሲቆርጡ አገኘኋቸው። ለአርባ ጎመን አርባ ኮሌታ! አንዱ ከሌላው በፀጉር አይበልጥም። በዚያ ወቅት እንደገና ከተከሉት አርባ ችግኝ ሠላሳ ስምንቱ ጸደቀላቸው። የዶሮ ኩሱም ተብላልቶ ለመደቡ ማዳበሪያ ሆነ። ሁለቱ ቤቶች አጥሩ ላይ በር ከፈቱ፤ ጎመን በዚያ ይሄዳል፣ እንቁላል በዚያ ይመጣል። አንድ ጎረቤት ሄዶ ማነጋገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ ጣት አፈር ውስጥ መክተትስ? ይህን ሳናደርግ ወደ መርዝ የምንሮጥ ሁላችን፣ እኔ እላለሁ፣ ልናፍር ይገባናል። ለባለሱቁም ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት፤ በትህትና ነገርኩት ብል ግን ውሸት ነው።

ባለቤታቸው አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አላናገሯቸውም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጋሽ ሜትር እንቁላል ቀቅለው፣ ልጠው፣ በሳህን አቀረቡላቸው። ሴትየዋ ማንኪያውን አንስተው መልሰው ሰጧቸው።

«መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» አሉ።

ጋሽ ሜትር ቀመሱ። ዛሬም ድረስ በየጧቱ መጀመሪያ የሚቀምሱት እርሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም።